እሳት ያላየ ጭቃ

በዕድሜዬ የፈለሰፍኩት ነገር ቢኖር አንድ ጭቃ ነው። ከአሮጌ ጋዜጣና ከቡላ ይሠራል፤ ምድጃ አይፈልግም፣ ጥላ ሥር ካስቀመጡት በራሱ ጊዜ ደርቆ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ላምም ቤትም ሰውም ይወጣዋል። ድሮ አብረውኝ ያስተማሩ ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "አይ ያንቺ ጭንቅላት!" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። ጭንቅላት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። አሁን ስድሳውን አልፌአለሁ፣ የምደብቀውም የምደብቅለትም የለም፣ እንግዲህ እንደ ሆነው ላውራው።

ጊዜው የደርግ ነው። ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በመኪና ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ገጠር መጥቼ በአንድ ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀኝም አልነበረም። የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አያቴም እንደዚያው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ በሠራችው ድስት ሀብታሙም ድሃውም ወጡን ይሠራበታል፤ እሷን ግን ከደጁ አያሳልፋትም። ገበያ ላይ ከሰው ተነጥላ ከታች በኩል ትቀመጣለች። ውኃ ብትለምን ጣሳውን አያቀብሏትም፤ መዳፏን ዘርግታ ከላይ ያንቆረቁሩላታል። ዓይኗ ሰው ይበላል ይባላል፤ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባታል። አብዮቱ ሲመጣ "ከእንግዲህ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ እያሉ መናቅ ቀርቷል" ተባለና ሕዝቡ ተሰብስቦ አጨበጨበ። እናቴም አጨብጭባለች። ከስብሰባው ስንወጣ ውኃ ጠማት፤ በመዳፏ ጠጣች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ ያን ዕለት በልቤ ማልኩ፦ ጭቃ አልነካም፣ የማን ልጅ እንደ ሆንኩም ማንም አያውቅም።

መሐላዬን ጠበቅሁ። ዋጋው ግን ምን እንደ ነበር ማን ነግሮኝ! ሰው ቤት ገብቼ አልበላም ነበር። ነገ ማንነቴን ቢያውቁ "ዕቃችንን አረከሰችብን" ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። "ነይ ቅመሺ" ሲሉኝ "በልቻለሁ" እላለሁ። ለሠርግ በልቻለሁ፣ ለልደት በልቻለሁ፣ ለለቅሶ በልቻለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "አንቺ ሴት፣ መቼ ነው የምትበዪው? አይተንሽ አናውቅም እኮ!" ብላ ቀለደችብኝ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይላል ሰው። እኔ ክፍሌን ዘግቼ ዳቦ በሻይ እየነከርኩ እበላ ነበር፣ ሻዩም ውስጥ አንዳንዴ እንባዬ ይገባል። ብቸኝነት እንዲህ ጥርስ እንዳለው አላውቅም ነበር። እሁድ እሁድ ወደ ሐይቁ እወርድና ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አያለሁ። እነሱም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው ይቆማሉ። የማመሽበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

አከራዬ ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ ባልቴት ነበሩ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ለራሳቸው በቀረችው ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ነበረች፤ እሷን ሰጡኝ። ከደቡብ ገጠር በልጅነታቸው የመጡ፣ ጴንጤ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው በዚያ ዘመን ታሽጎ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት አምስት ስድስት ሴቶች ወደ ቤታቸው ይመጡና በሩን ይዘጋሉ። "ዕቁብ ነው፣ ልጄ" ይሉኛል። ከዕቁቡ መሐል ግን ለስለስ ያለ ዝማሬ ይሰማል። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ልብሴን አጥባለሁ። ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ ነበር የሚኖረው።

"በልቻለሁ" ብዬ ያላመለጥኩት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። "እሺ በልተሻል። ጠጥተሻል ወይ?" ይሉና ሻይ በራሳቸው ስኒ፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ አበባ ባለበት ስኒ፣ ክፍሌ ድረስ ያመጡልኛል። በመለስኩላቸው ስኒ ወዲያው እሳቸውም ሲጠጡ አያለሁ። በዚያች ከተማ ከሰው ጋር ያገናኘኝ ያ ስኒ ብቻ ነበር። ያን እንዳላጣ ነበር የምጠነቀቀው።

የበልግ ዝናብ ገባ ሲል የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ሰበሰበችን። ከትምህርት ቢሮ ሰዎች ይመጣሉ፤ እያንዳንዷ አስተማሪ ከአካባቢ ቁሳቁስ የማስተማሪያ መሣሪያ ትሥራ ተባለ። "ምን አስቸገረን?" አለች ኃላፊዋ። "ከሐይቁ ዳር ጭቃ እናስመጣለን፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን እንሠራለን።"

 ጭቃ ከያዝኩ እጄ እንደሚያጋልጠኝ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ጭቃ ሲያገኝ በሁለት መዳፉ ያድበለብላል። ሸክላ ሠሪ አውራ ጣቷን ከውስጥ ታስገባና በውጭ በኩል በመዳፏ እየደገፈች ታዞራለች። እኔ መራመድ ሳልችል በእናቴ ጭን ላይ ሆኜ ያየሁት ነው፤ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ይሠራዋል።

"የሐይቁ ጭቃ ቢልሃርዚያ አለበት!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። እኔ በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ኃላፊዋ ቆጣ ብላ "እንግዲያስ አንቺ ቢልሃርዚያ የሌለበት ጭቃ አምጪልን!" አለችኝ።

እንዲህ ነው ፈልሳፊ የሆንኩት።

መጀመሪያ በስንዴ ዱቄትና በጨው ሞከርኩ። አከራዬ ጓሮ ውስጥ ሊጡን ላም ሳደርገው አይተው "እህል አይቀለድበትም፣ ልጄ። ጡር አለው" አሉኝ። እውነትም ጡሩ አልዘገየም። ላሟ በሁለተኛው ቀን የደረቀች መሰለችና ዝናብ ሲመጣ አላባት። ጨው የአዋሳን እርጥበት ይስባል ለካ! በአራተኛው ቀን አራት እግሮቿን አንፈራጣ ተኛች፣ በአምስተኛው ጉንዳን ወረሳት።

ቀጥሎ ወረቀት አሰብኩ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጥግ ተቆልሎ የነበረ አሮጌ ጋዜጣ ጠይቄ ወሰድኩ። በርሜል ውስጥ ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ እንደ ገንፎ እስኪሆን በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ በጨርቅ ጨመቅሁት። መያዣ ግን አጣሁለት፤ ሲደርቅ እየተፈረፈረ ይረግፋል። እንዴት ሆኖ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም፣ ቡላ መጣልኝ። እንሰት ሲፋቅ ተጨምቆ ከሥር የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ሲያማስሉት እንደ ሙጫ ይለጠጣል። ወረቀቱን ከዚያ ጋር አሸሁት። ልጆቹ እንዳይልሱት፣ አይጥም እንዳይቀምሰው የእሬት ውኃ ጠብ አደረግሁበት። ጥላ ሥር አስቀምጬ በቀን ሁለቴ አገላበጥኩት። በሳምንቱ ጥፍሬን ብመታበት ቋ አለ። ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ጮኽኩ፣ የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ቡላ ውድ ነው፤ በእኛ አገር ለአራስ ነው የሚታሰበው። ገንፎው ወገቧን ያጸናላታል። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ከገበያ ከአንዲት ሴት እገዛለሁ። በአራተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ሆዴ ጣል አድርጋ "በይ እንግዲህ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አለችኝ። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። "ጋዜጣ ላቦካበት ነው" ብዬ ማን ያምነኛል? ዝናቡም ሊመጣ ነው፣ ቸኩያለሁ። "አሜን" አልኳትና ሄድኩ።

ለቀልድ ነበር ያልኩት።

ከጋዜጣው ጋር ሌላ ጣጣ መጣ። በየገጹ ማለት ይቻላል የሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ አለ። ጋዜጣውን የሰጠኝ የቀበሌው ጸሐፊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሱን ግን… ታውቂያለሽ" ብሎኛል። አውቃለሁ እንጂ! ሊቀ መንበሩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ በዘነዘና ወቀጠች ከተባልኩ ማን ያድነኛል? ስለዚህ ጋዜጣውን ከመዘፍዘፌ በፊት ፎቶውን በመቀስ ቆርጬ አወጣለሁ። እሺ፣ አወጣሁት፤ የት ላድርገው? አይቃጠል፣ አይጣል፣ ሽንት ቤት የማይታሰብ ነው። አልጋዬ ሥር ቆለልኩት። አንድ ቀን ባየው አይጥ የአንዱን ጆሮ በልታለች። ወይኔ ጉዴ! ሲቆም፣ ሲቀመጥ፣ ችግኝ ሲተክል፣ ሕፃን ሲስም፣ ሁሉንም በተረፈ የቡላ ሙጫ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። የጭቃ ግድግዳ በጋዜጣ መሸፈን የተለመደ ነው፣ ክፉ አላሰብኩበትም። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ከሠላሳ በላይ ሆኖ ያየኛል። ሰው ናፍቆኝ ስለነበር መጀመሪያ አካባቢ እንዲያውም እንግዳ የመጣብኝ መሰለኝ፤ በኋላ ለመድኩት።

አንድ ከሰዓት ጓሮ ተቀምጬ ለልጆቹ የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ትንንሽ ድስት እሠራለሁ። ጭቃው ተመችቶኛል፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ቀና ስል አከራዬ ቆመው እጄን ያያሉ። ዝቅ ብዬ አየሁት፤ አውራ ጣቴ ከውስጥ፣ መዳፌ ከውጭ።

"እጅሽስ ሥራ ያውቃል" አሉኝ። "ከማን ተማርሽው?"

"ከማንም" አልኩና ድስቱን በጡጫዬ ጨፈለቅሁት።

በማግስቱ ሻይ ይዘው መጡ። በሬ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ገፋ አድርገው አንድ እግራቸውን አስገቡ። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ግድግዳውን አዩ። "ጎሽ… ጎሽ" አሉና ስኒውን እንደ ያዙ ወደ ኋላቸው ተመለሱ። ሻዩን አልሰጡኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ "ልጄ" መባል ቀረ። "ጓድ መምህርት፣ እንደምን አደሩ" ይሉኛል፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። እኔን! የልጃቸው ታናሽ የምሆነውን! ስኒው አልመጣም። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት ሴቶችም ቀሩ፤ ግቢው ጭር አለ። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፦ ያን ቀን ጓሮ ውስጥ እጄን አይተዋል፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን አውቀዋል፣ ስኒያቸውን ከእኔ ለይተዋል፤ ሴቶቹም እኔ ያለሁበት ግቢ አንረግጥም ብለዋል። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ደረሰ። ማታ ማታ የግድግዳውን ፎቶዎች እያየሁ "እናንተ እንኳ አትጠየፉኝም" እላቸው ነበር። ቀልዴን አይደለም።

መሣሪያው ታየ፣ ተወደደ። የቢሮው ሰው ላሟን አገላብጦ "ይህ ለክፍለ ሀገሩ ሁሉ የሚሆን ነው" አለ። ተጨበጨበልኝ። ወደ ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ ማንም ምን ዋልሽ አላለኝም።

በዚያው ሰሞን የአገሬ ሰው የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ "እናትሽ ቅዳሜ ትመጣለች። ቤትሽን አያለሁ ብላለች" አለኝ። ምን ልሁን? መጥታ አታውቅም። አከራዬ ጥርጣሬ ካላቸው እሷን ሲያዩ ያረጋግጣሉ፤ ያስወጡኛል፤ ወሬው ትምህርት ቤት ይደርሳል። ቅዳሜ ቀትር ላይ አውቶቡስ ተራ ሄጄ እጠብቃትና ሐይቁን አሳይቼ፣ ዳቦ በሻይ ጋብዤ፣ በመጣችበት መኪና እመልሳታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የገዛ እናቴን። እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ቅዳሜ ጠዋት ልብሴን ቀይሬ ለመውጣት ስዘጋጅ የግቢው በር ተንኳኳ። አከራዬ ከፈቱ። ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ።

እናቴ ነበረች። ለካስ ሹፌሩ በሌሊት ጭኗት መጥቷል፤ እሷም "የሕፃናት አስተማሪዋ" እያለች ጠይቃ ደርሳለች። ጀርባዋ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ አዲስ ድስት አለ። እንደ ልማዷ ከበሩ ወዲያ፣ ከውጭ ነው የቆመችው። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ዓይኗ ግን ወዲያው ከእኔ ወደ ጀርባዬ፣ ወደ ክፍሌ በር ሄደ፣ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

አከራዬ ወደ እኔ ዞረው "ጓድ መምህርት፣ እኚህ ሴት እርስዎን ይፈልጋሉ" አሉኝ። "ማን ናቸው?"

እናቴ እየጠበቀች ነበር። እሳቸውም እየጠበቁ ነበር።

"ሸክላ ሻጭ ናት" አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ናቸው" እንኳ አላልኩም። 

እናቴ የምታውቀው የገበያ አማርኛ ብቻ ነበር። ወንዱንም ሴቱንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም "አንተ" ነው የምትለው፤ ግብር ሰብሳቢውን እንኳ "አንተ፣ ድስት ውሰድ" ብላ አስቃዋለች። እርስዎ የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ በሕይወቴ አልሰማሁም ነበር። ያን ቀን አየችኝ፤ ረጅም አላየችኝም። ከዚያ ድስቱን ከጀርባዋ አውርዳ ደፉ ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ከወገቧ ጎንበስ አለች።

"አዎ፣ ሸክላ ሻጭ ነኝ" አለች። "ጥሩ ድስት ነው፣ እሜቴ። እርስዎ ይውሰዱት።"

 አከራዬ አዝነው ይሁን ተጨንቀው ዋጋውን ጠየቁ። እናቴ ወደ እሳቸው አልዞረችም፣ እኔን ነው ያየችው።

"ዋጋውን እርስዎ ያውቃሉ" አለችኝ።

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። አከራዬ ብር ይዘው እስኪወጡ መንገዱን ተሻግራ ነበር። ልሮጥ፣ ልጥራት፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እግሬ አልኩ? እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው፤ በእጃቸው በቅጠል የታሰረ ነጭ እሽግ ይዘዋል። 

"ድስቱን ላጥብ ብዬ ስከፍተው ይሄ ከውስጥ አለ" አሉኝ። "ቡላ ነው፣ ንጹሕ ቡላ። ሥሩ ቅቤ አለ፣ ትንሽ የሕፃን መታቀፊያ ጨርቅ አለ። ድስት የሚሸጥ ሰው ይህን አይሸጥም። ያቺ ሴትዮ እናትሽ ናት፣ አይደል?"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "አዎ። ያውቁ የለ? ካወቁ ሰንብተዋል። ስኒዎን የለዩት ለዚያ አይደለም?"

"ምኑን ነው የማውቀው?"

"የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን!"

አከራዬ አፋቸውን ይዘው ቆሙ። "እኔ? ሸክላ ሠሪ?" አሉ። "ልጄ፣ እኛ እኮ ጌታን ካወቅን ወዲህ ከሸክላ ሠሪም ከፋቂም ጋር ባንድ ማዕድ ነው የምንቀርበው! ቤተ ክርስቲያናችን ሳትታሸግ አጠገቤ የምትቀመጠው እንደ እናትሽ ያለች ናት።" ከዚያ በሌባ ጣታቸው ግድግዳውን አሳዩኝ። "እኔ የፈራሁት እሱን ነው! እንዲህ ቤቷን በሱ ያስጌጠች ልጅ ካድሬ ባትሆን ነው? ሐሙስ ሐሙስ የምንሠራውን ሰምታ ልታስይዘን ነው ብዬ እኅቶቼን እንዳትመጡ አልኳቸው። ሁለት ወር ለብቻዬ ነው የጸለይኩት።"

ሳቅሁ መሰለኝ። ሳቅ ግን አልነበረም፣ እሳቸው አቅፈው እስኪይዙኝ ድረስ አለቀስኩ። እኔ በእጄ የተጠላሁ መስሎኝ፣ እሳቸው በግድግዳዬ ፈርተውኝ፣ በአንድ ግቢ ሁለት ብቸኛ ሆነን ከርመናል። ለዚህ ነው እናቴን የካድኩት። የሚጠየፈኝ ሰው እንኳ ሳይኖር።

"ሂጂና ይዘሻት ነይ" አሉኝ። "በስኒዬ ሻይ ትጠጣለች።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ አገሬ ሄድኩ። ከሠራኋቸው ላሞች አንዷን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ፤ ባዶ እጄን መሄድ አቅቶኝ ነው። እናቴ ደጅ ተቀምጣ የእርጥብ ድስት ከንፈር በጠጠር እያለሰለሰች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ በቤታችን ቋንቋ፦

"ሕፃኑስ?" አለችኝ።

"የምን ሕፃን?"

"የወለድሽው። ቡላ ሻጯ 'እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላት አሜን አለችኝ' ብላ አውርታለች። ቡላ የሚያደርስላት ያ ሹፌር ሰምቶ ወሬውን እዚህ ድረስ አመጣው።"

ለካ ለእሱ ነው የመጣችው። ዓይኗ ወደ ክፍሌ በር የሄደው፣ ጨርቁ፣ ቅቤው፣ የገንፎ ድስቱ። ልጇ ባል ሳይኖራት ወለደች ሲሏት ግማሽ ቀን በጭነት መኪና ተንገላታ ልታርሰኝ መጣች።

"አልወለድኩም" አልኩ። "እማዬ፣ ዲቃላ ወለደች ሲሉሽ አላፈርሽብኝም?"

"ለምን አፍራለሁ?" አለች። ጠጠሩን ውኃ ውስጥ ነከረች። "ደስ ነው ያለኝ። አንድ የማይሸፍኑብኝ ሕፃን አገኘሁ ብዬ ነበር።"

 ላሟን ከጨርቁ አውጥቼ ሰጠኋት፣ ቡላውን ለምን እንደምገዛ ነገርኳት። አገላብጣ አየቻት፣ በጥፍሯ መታቻት፣ ጆሮዋን ሰጠች። "እሳት አላየችም" አለች። ከዚያ አጠገቧ ካለው ገንቦ በጣሳ ውኃ ቀድታ የላሟን እግር ነከር አደረገችው። ጥቂት ቆይቶ እግሯ ለሰለሰ፣ ተንጠለጠለ። "እሳት ያላየ ነገር ውኃ አይችልም፣ ልጄ። ለሕፃናት ግን ጥሩ ነው።"

ይቅር በይኝ አልኳት። "እሺ" አለች። ነይልኝ አዋሳ፣ አከራዬ በስኒያቸው ሻይ አጠጣታለሁ ብለዋል አልኳት። "በስኒ?" ብላ ትንሽ አሰበች። "እሺ፣ እመጣለሁ።" መዳፏን ወደ ታች አድርጋ በቀሚሷ ጠረገችው። ያን ቀን እስኪመሽ ከእሷ ጋር ጭቃ ሠራሁ፤ አውራ ጣቴ ከውስጥ፣ መዳፌ ከውጭ።

በማግስቱ መንገድ ድረስ ሸኘችኝ። መኪናው ሲቆም "ደህና ይግቡ" አለችኝ፣ በአማርኛ። እየቀለደች ይሁን እውነቷን አላውቅም። ዞር ብላ ነበር፣ ፊቷን አላየሁትም።

አልመጣችም። አከራዬ ሦስት ቅዳሜ ስኒ አጥበው ጠበቁ። ሥራ አለብኝ፣ ዝናብ ነው፣ እግሬን አሞኛል እያለች ትልክብኛለች። እኔ እሷ ጋ እየተመላለስኩ ኖርኩ፤ እሷ ግን እስክትሞት ድረስ የእኔን በር አልረገጠችም።

ዛሬ በሐዋሳ ዕድሜዬን አይቶ እርስዎ የማይለኝ የለም። ሱቁም፣ ታክሲውም፣ የልጅ ልጅ የሚሆኑኝም ተማሪዎች። ደህና ነው፣ ለምጄዋለሁ። ሐይቁ አጠገብ ካለው ከጉዱማሌ መናፈሻ ወዲህ ባለው መንገድ አንዳንድ ቀን ከገጠር መጥተው ሸክላ ደርድረው የሚቀመጡ ሴቶች አሉ። ድስት አያስፈልገኝም፣ ቤቴ ሞልቷል። ግን አንዷ ቀና ብላ "ዋጋውን እርስዎ ያውቃሉ" ካለችኝ አልከራከርም፣ እጄ የገባውን ሰጥቼ ድስቱን ታቅፌ እመለሳለሁ።

ዋጋውንማ አውቃለሁ።